የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እንግሊዞቹ ለምን በስድስት ክፍል ያቆማሉ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ከጎንደር አንባቢዎቻችን የደረሱን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህደናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የአሜሪካውን ‹ዘ ኦፊስ› ዘጠኙንም ምዕራፍ ጨርሰናል። የእንግሊዙን ጀመርነውና ሁለተኛው ክፍል ላይ ተውነው። አለቃው ያሳፍራል እንጂ አያስቅም። አንድ ታሪክ ሆኖ ሳለ እንዴት እንዲህ ይለያያል?» — ከማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

ማፈራችሁ ስህተት አይደለም፤ ሪኪ ጀርቬስና ስቴፈን መርቻንት ይህን የወረቀት ሻጭ ቢሮ ኮሜዲ ሲጽፉት እንድታፍሩ ብለው ነው። የእንግሊዙ ከ2001 እስከ 2003 በቢቢሲ ታየ፤ ሁለት ምዕራፍ፣ በየምዕራፉ 6 ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የገና ልዩ ዝግጅት፣ በቃ። የአሜሪካው ኤንቢሲ በተባለው ጣቢያ ከ2005 እስከ 2013 ዘልቆ 201 ክፍል ደረሰ። ለጊዜው ቁጥሩን ተዉትና አንድ ትዕይንት ጎን ለጎን እንይ።

ትዕይንቱ በሁለቱም የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አለ። አለቃው አጠገብ አዲስ የገባ ጊዜያዊ ሠራተኛ ተቀምጧል። አለቃው እሱን ሊያስቅ ፈልጎ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ያስጠራና ፊቱን አኮሳትሮ «ማስታወሻ ወረቀት ሰርቀሻል፣ ተሰናብተሻል» ይላታል። ልጅቷ ታለቅሳለች። «ቀልዴን ነው» ይላል። ቢሮው ውስጥ ማንም አይስቅም። በእንግሊዙ ልጅቷ በጸያፍ ቃል ሰድባው ትወጣለች፤ በአሜሪካው ስድቡ ልጆች ፊት ሊባል ወደሚችል ቃል ለዝቧል። ከዚህ ሌላ የአሜሪካው የመጀመሪያ ክፍል ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ከእንግሊዙ የተገለበጠ ነው። የአሜሪካ ተመልካችም ልክ እናንተ የእንግሊዙን እንዳያችሁት አየው፤ አልወደደውም።

አዘጋጁ ግሬግ ዳንኤልስ ጥገናውን የጀመረው ከሁለተኛው ምዕራፍ ነው። አለቃውን የሚጫወተው የስቲቭ ካሬል ፀጉር አበጣጠር ሳይቀር ተለወጠ። ዋናው ለውጥ ግን አለቃው አንድ የሚችለው ነገር መሰጠቱ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ 7ኛ ክፍል ላይ አንድ እንቢ ያለ ደንበኛ ምግብ ቤት ወስዶ ሲያጫውተው፣ ሲያበላው፣ ስለ ወረቀት ሽያጭ አንድም ቃል ሳያነሳ ሲያመሽ እናያለን። የበላይ አለቃዋ በንዴት ጦፋለች። በመጨረሻ ደንበኛው ይፈርማል። ከዚያች ምሽት በኋላ ተመልካቹ ሰውዬውን «ቂል ነው፣ ግን ሥራውን ያውቃል» ብሎ ይቅር አለው። የእንግሊዙ አለቃ ይህን ዕድል አላገኘም፤ በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ከሥራ ሲቀነስ አታባርሩኝ ብሎ ይለምናል፤ ካሜራውም ፊቱ ላይ ይቆያል።

በእኛ ቃል እንግሊዙ አሽሙር ነው፣ አሜሪካው ተረብ። ተራቢው እንደሚቀልድ ያስታውቃል፤ እየሳቀ ይመታል፣ የተመታውም አብሮ ይስቃል። አሽሙረኛው ኮስተር ይልና ነገሩን ውስጠ ወይራ አድርጎ ይጥለዋል፤ ማንሳት የአድማጩ ፋንታ ነው። አለቃ ገብረሐና አህያ ለምትነዳ ሴት «እንደምን አደራችሁ» ብለው አለፉ ይባላል፤ ሴትየዋ ከአህያዋ ጋር እንደተቆጠረች የገባት ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው። ያች ከሰላምታው እስከመንቃቷ ያለችው ዝምታ የእንግሊዝ ኮሜዲ ርስት ናት። ከአዝማሪ ቤት የመጣ ጆሮ ደግሞ ዝምታ ሲረዝም «ተበላሸ እንዴ?» ይላል፤ እዚያ ግጥሙ ተወርውሮ ወዲያው መቀበል አለበት።

ይህን ይዛችሁ ግን «አሜሪካኖች አሽሙር አይገባቸውም» ወደሚለው አትሂዱ፤ የተሰለቸ ተረት ነው። የአሜሪካውን ኮሜዲ «ሳይንፌልድ»ን የጻፉት ሰዎች «መተቃቀፍ የለም፣ መማር የለም» የሚል የቤት ደንብ ነበራቸው። ጀርቬስ ራሱ ብዙ ቀሰምኩበት ከሚላቸው አንዱ በ1992 የጀመረው የአሜሪካው «ላሪ ሳንደርስ ሾው» ነው።

ተግባራዊ ምክር፦ የእንግሊዙን እንደገና ስትጀምሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ 4ኛ ክፍል ተነሱ፤ አለቃው የሠራተኞች ሥልጠና መሀል ጊታር አምጥቶ የሚዘፍንበት ነው። እሱ ካላሳቃችሁ ሌላውም አያስቃችሁም፤ በጊዜ ተዉት።

«እንግሊዞች ጥሩ ነገር ጀምረው ለምን በ6 ክፍል ያቆማሉ? ስንፍና ነው ወይስ ገንዘብ?» — ከአራዳ

ገንዘብ ነው፤ ግን የገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የሚመጣበት መንገድ።

በአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ለአንድ ኮሜዲ የሚከፍሉት ገንዘብ በአብዛኛው የሥራውን ወጪ አይሸፍንም ነበር። አምራቹ ኪሳራውን ችሎ የሚሠራው ወደፊት ለየከተማው ጣቢያ ለድጋሚ ዕይታ ሲሸጠው እንደሚያተርፍ አስቦ ነው። ድጋሚ የሚያሳዩት ጣቢያዎች በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ክፍል ይፈልጋሉ። 100 ክፍል ካለዎት ሳይደግሙ 20 ሳምንት ይሄድልዎታል። 12 ካለዎት ግን በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ነዎት። ስለዚህ «100» የሚለው ቁጥር ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ ኮሜዲ የድል መስመር ሆኖ ቆየ፤ በዓመት 22 ክፍል ቢሠሩ 5 ዓመት ማለት ነው። «ፍሬንድስ» በ10 ምዕራፍ 236 ደርሷል።

በዓመት 22 ክፍል አንድ ሰው ጽፎ አይዘልቀውም። ስለዚህ «የጸሐፊዎች ክፍል» የሚባል ቡድን አለ። አሥርም ይሁኑ ከዚያ በላይ ጸሐፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ያወጣል፣ ሌላው ቀልዱን ያጠብቃል፣ ዋናው አዘጋጅ ያጸድቃል። ተመልካች ፊት ለሚቀረጽ ሥራ የተለመደው ሳምንት ይህን ይመስላል፦ በመጀመሪያው ቀን ተዋንያኑ ጽሑፉን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው እየተለማመዱ ጸሐፊዎቹ ሌሊት ያርማሉ፤ በአራተኛው ካሜራ ይደረደራል፤ በአምስተኛው ሕዝብ ገብቶ ይቀረጻል። አንድ ቀልድ ሕዝቡን ካላሳቀ ጸሐፊዎቹ እዚያው ቆመው ሌላ ይሰጣሉ፤ እንደገና ይቀረጻል። አሜሪካው ኮሜዲ በደቂቃ ብዙ ቀልድ የሚያዘንበው በዚህ ወንፊት ስለሚያልፍ ነው።

ቢቢሲ ግን የሚተዳደረው ቤተሰቦች በሚከፍሉት የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ነው፤ 100 ክፍል የሚያስገድደው ነገር የለም። አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጽፋል፣ ሲጨርስ ይሰጣል። ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ የሆቴል ኮሜዲውን «ፎልቲ ታወርስ»ን ሲጽፉ 6 ክፍል በ1975፣ ሌላ 6 በ1979፤ መሀሉ አራት ዓመት ነው። አሜሪካ ይህንኑ በ1978፣ በ1983 እና በ1999 ልትቀዳው ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነላትም። ባለሆቴሉ የሚያስቀው ክፉና አስመሳይ፣ ያም ሆኖ ለመውደቅ የተፈረደበት ስለሆነ ነው፤ አለስልሰው ሲወስዱት የቀረው ሆቴሉ ብቻ ሆነ።

ደቂቃውም አለ። ቢቢሲ ማስታወቂያ ስለሌለው የግማሽ ሰዓቱ ኮሜዲ 28 ወይም 29 ደቂቃ ይሄዳል። የአሜሪካ ጣቢያዎች ግማሽ ሰዓት ከማስታወቂያ ተርፎ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ያ 7 ደቂቃ ልዩነት የሚበላው ሌላ ሳይሆን ዝምታውን ነው።

አንድ ሥራ በሁለቱም ሥርዓት ሲሄድ ማየት ከፈለጉ «ጎስትስ»ን ይመልከቱ። የእንግሊዙ ከ2019 እስከ 2023 በአምስት ምዕራፍ ከገና ልዩ ክፍሎቹ ጋር 34 ሆኖ አበቃ። የአሜሪካው በ2021 ጀምሮ በመጀመሪያው ምዕራፍ 18፣ በሁለተኛው 22 ሠራ፤ በሁለት ምዕራፍ አባቱን በለጠው።

«የእንግሊዝ ኮሜዲ አብቅቶለታል የሚል ወሬ እንሰማለን። እውነት ነው?» — ከፒያሳ

ጸሐፊ አላጣም፤ የሚከፍል እያጣ ነው። በ2024 ገና ቀን «ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» የተባለው ኮሜዲ መጨረሻ ሲተላለፍ በዚያች ምሽት ብቻ 12.3 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ግን ይህ በ2007 የተጀመረ ሥራ ነው። እየሳሳ ያለው በየሳምንቱ የሚመጣው፣ መካከለኛ ወጪ ያለው አዲሱ ኮሜዲ ነው። እንግሊዝ ከፍተኛ ወጪ ላለው የቴሌቪዥን ሥራ የግብር ማበረታቻ ትሰጣለች፤ ግን መነሻው በሰዓት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሳሎንና ወጥ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ኮሜዲ እዚያ አይደርስም። ማበረታቻው ለፈረስና ለቤተ መንግሥት ድራማ ሄደ፤ ቀልዱ በጎን ቀረ።

ክፍተቱን የሞላው ርካሹ ነው፦ ኮሜዲያን ጠርቶ ማጫወት። «ታስክማስተር» በ2015 ዴቭ በተባለ ትንሽ ጣቢያ ጀምሮ በ2020 ወደ ቻናል 4 ተሻገረ። አምስት ኮሜዲያን የማይረባ ሥራ ይሰጣቸዋል፣ በቁምነገር ይጣላሉ። አሜሪካ በ2018 ስትቀዳው የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም አድርጋ ቆረጠችው፤ 8 ክፍል ሄዶ ቆመ። ሳቁ ያለው ሰዎቹ ስለ ነጥብ ሲነታረኩ ነውና ንትርኩን ሲቆርጡት ምን ይቀራል?

አሜሪካም ብትሆን የድሮዋ አይደለችም። በኢንተርኔት የሚለቁት ድርጅቶች በ8 እና በ10 ክፍል ይጨርሳሉ፤ በዚህ እንግሊዝን መስለዋል። «ዘ ቤር» የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት የኤሚን የኮሜዲ ዘርፍ ሲወስድ ብዙ ሰው «የቱ ጋ ነው የሚሳቀው?» አለ፤ እኛም ብለናል። በተቃራኒው የፊቢ ዎለር-ብሪጅ «ፍሊባግ»፣ በ2013 ኤድንብራ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የተጫወተችው ቲያትር፣ በቴሌቪዥን 12 ክፍል ብቻ ሆኖ በ2019 ስድስት ኤሚ ወስዷል። በመሀል የሚቀመጠው «ቴድ ላሶ» ነው፤ ኦፍሳይድ የማይገባው አሜሪካዊ አሠልጣኝ እንግሊዝ ክለብ ላይ ተሹሞ ይመጣል። ደግነቱ የአሜሪካ፣ የደጋፊዎቹ ስድብ የእንግሊዝ። የፋሲል ከነማ ጨዋታ ላይ ተቀምጦ ለሚያውቅ ሰው ስድቡ ትርጉም አያስፈልገውም።

«ከበስተጀርባ የሚሰማው ሳቅ የተቀዳ ነው ወይስ የእውነት ሰው?» — ከአዘዞ

ሁለቱም አለ። ቻርሊ ዳግላስ የተባለ የአሜሪካው ጣቢያ የሲቢኤስ የድምፅ ባለሙያ በ1950ዎቹ የተለያየ ሳቅ ቀድቶ እንደ መተየቢያ በቁልፍ የሚጫወት ሳጥን ሠራ፤ ለስላሳ ሳቅ፣ የሴት ሳቅ፣ ከት ከት፣ ሁሉም በየቁልፉ። በሁለቱም አገር ደግሞ እውነተኛ ሕዝብ ፊት የሚቀረጽ አለ።

ለመለየት ተዋናዩን እዩት። እውነተኛ ሳቅ ሲሆን ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ አፉን ይዞ ይጠብቃል፣ ወይ ጽዋ ያነሳል፣ ወይ ያፈጣል። የተለጠፈ ሲሆን ንግግሩ ሳቁ ላይ ይደራረባል ወይም ሳቁ እንደ ቢላ ይቆረጣል። ውጪ መንገድ ላይ ተቀርጾ ሳቅ ከተሰማ ወዲያው ውሸት ነው አትበሉ፤ እንግሊዞች የውጪውን ትዕይንት አስቀድመው ቀርጸው ስቱዲዮ ለገባው ሕዝብ በስክሪን ያሳዩና ሳቁን ይቀዳሉ። ቢቢሲ የአሜሪካውን «ማሽ» ሲያሳይ ሳቁን አውጥቶ ነው ያሳየው፤ በዚህ ምክንያት እንግሊዞች ያዩት የጦር ሜዳ ሆስፒታል አሜሪካኖች ካዩት ይልቅ የከበደ ነበር።

«ለእንግሊዝኛ ክበባችን የኮሜዲ ክፍሎችን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እሠራለሁ። ድራማ ሲሆን ይሠራል፤ ኮሜዲ ሲሆን ማንም አይስቅም። ቲቪ ላይ ደግሞ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።» — ከቀሃ

ከሳጥኑ እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚቀመጥበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ፤ አንሲ ብለው ካስቀመጡት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠፋል፣ አይመለስም። ኮምፒውተር ላይ በትክክል እየታየ በፍላሽ ቲቪ ላይ ሲሰካ ሳጥን ከሆነ ቲቪው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማጫወት፣ ወይም እንደ ሃንድብሬክ ባለ ነጻ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም። ካተሙት በኋላ ማረም ስለማይቻል ዋናውን ፋይል አይጣሉ።

አሁን ወደ ሳቁ። ኮሜዲን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። «ጉድ የሚያፈላው ቃል»፣ ማለትም መምቻው፣ ከቀልዱ መግቢያ ጋር አንድ ላይ ከታየ ተመልካች አንብቦ ይጨርስና ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ቀልዱ አልፏል። ስለዚህ መግቢያውንና መምቻውን ለየብቻ ይክፈሉ። መምቻው ተዋናዩ ያንን ቃል ማለት ሲጀምር ይውጣ፤ በሰከንድ ሁለት አሥረኛ መዘግየት ይሻላል፣ መቅደም ግን በጭራሽ። ከሁለት መስመር አይለፉ፣ በመስመር ከ30 ፊደል ገደማ፤ ከ1 ሰከንድ አያሳንሱ፣ ከ6 አያስበልጡ። ተዋናዩ ዝም ሲል ስክሪኑም ዝም ይበል፤ የፊተኛውን ጽሑፍ ዝምታው ላይ ጎትቶ ማቆየት የእንግሊዝን ኮሜዲ ማረድ ነው።

ሁለተኛው ችግር የዓረፍተ ነገራችን አሠራር ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አማርኛ መጨረሻውን ለግስ ይሰጣል። «ጥላኝ ስትሄድ ጃንጥላዬን ይዛብኝ መሄዷ አናደደኝ» ብለው ከጻፉ ጃንጥላው መሀል ላይ ታየና ሳቁ ግሱ ሥር ተቀበረ። «ጥላኝ ሄደች። ያናደደኝ...» ብለው ያቁሙ፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ ላይ «ጃንጥላዬ ነው።» «...ነው» የምትለዋ ማሠሪያ መምቻውን ወደ ጫፍ የማምጫ ዋና መሣሪያችን ናት።

ሦስተኛው የእንግሊዞች ትሕትና ነው። «ትንሽ ሳንካ ገጥሞናል» ሲሉ ቤቱ እየነደደ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ትልቅ አደጋ ደርሷል» ብለው ካስተካከሉላቸው ቀልዱን አረሙት፤ ሳንካዋን እንዳለች ይተዋት፣ እሳቱን ምስሉ ያሳያል። «በታላቅ አክብሮት» ብለው የሚጀምሩት ንግግር ደግሞ ከውስጡ ንቀት ነው። ለዚህ አማርኛ እንግሊዝኛ የሌለው ሀብት አለው፤ አንቱታ። እስከዚያ «አንተ» ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ጓደኛሞች መሀል ድንገት «ጌታው፣ ካልደከመዎት ሳህኑን ያቀብሉኝ» ብለው ይጻፉ። ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ሲባል ሰምቶታል። ግን በአንድ ክፍል ከአንድ ወይ ሁለት ጊዜ በላይ አይጠቀሙበት፤ ከበዛ ተመልካቹ እውነተኛ አንቱታ ይመስለዋል።

የማይተረጎም ነገር፣ በተለይ በእንግሊዝ የታወቀ ሰው ስም፣ ሲመጣ በቅንፍ አያብራሩ። ወይ «አንድ ዘፋኝ» ብለው ይለፉት ወይ ይተዉት። ሲጨርሱ ለአንድ ሰው ያሳዩና ስክሪኑን ሳይሆን ሰውየውን ይዩ፤ ተዋናዩ ሳይናገር ከሳቀ ሰዓቱ ቀድሟል።

«ኮሚክ ሪሊፍ የሚባለው የእንግሊዞች የቀልድ በጎ አድራጎት በእኛ ረሃብ ምክንያት ነው የተጀመረው የሚባለው ትክክል ነው?» — ከአራዳ

ትክክል ነው። ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ በ1985 ያቋቋሙት በኢትዮጵያ ለደረሰው ረሃብ ምላሽ ነው፤ በዚያው ዓመት የገና ቀን በቢቢሲ ተበሰረ፤ ስርጭቱም ሱዳን ካለ የስደተኞች ካምፕ ነበር። ቀይ አፍንጫ የሚደረግበት የመጀመሪያው ቀን 5 ፌብሩዋሪ 1988 ነው።

«ሚስተር ቢን የእንግሊዝ ቀልድ ነው? እንዲያማ ከሆነ እኛ ቤት ሕፃኑም አያቴም እንዴት ይስቃሉ?» — ከሳሙና በር

ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፤ ቀልዱ ግን ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አሽሙር የለበትም። ሮዋን አትኪንሰን ይህን ሆን ብሎ ፈትኖታል። በ1987 ሞንትሪያል ላይ በተደረገ የኮሜዲ ፌስቲቫል አዘጋጆቹ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር ሊመድቡት ሲሉ በፈረንሳይኛው መድረክ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ይስቅ እንደሆነ ለማየት። ሳቀ። ተከታታዩ ከ1990 እስከ 1995 በ15 ክፍል አለቀ።